በሕይወት ላለኸው ኪዳነ ማርያም

ዶቅማ በር፤ ሰኔ ሚካኤል በዋለ በማግስቱ፤ በዘመነ ሉቃስ ተጻፈ።

ይድረስ ከንጉሥ ሠራዊት ጋር ወደ ቆላ ለወረድከው ለኪዳነ ማርያም።

ኮርቼ አይደለም ጠጉሬን ያልተላጨሁት። ፈርቼም አይደለም። የጠየቀኝ ሰው የለም፤ ሁሉም አይቶኝ ዝም ብሎ ነው የሚያልፈው። ግን ዓይናቸው ይጠይቃል፣ እኔ ደግሞ ለዓይንም መልስ አላጣም። ለማን ብዬ ነው የምላጨው? ማን ሞተ ተብሎ? አጥርቶ የሚነግረኝ ሰው ይምጣ፣ ያኔ ምላጩን ራሴ ስዬ እቀመጥለታለሁ።

ምትኩዬ፣ እናና ነኝ፣ አያትህ። ደህና ነህ ወይ ብዬ እንደ ሰው ወግ ልጠይቅህ አሰብኩና አፌ እምቢ አለኝ። ስለዚህ የእኔን ልንገርህ። ጉልበቴ እንደ ድሮው ነው፣ ዝናብ ሲመጣ ከሰማዩ ቀድሞ ያውቃል። ምላሴ ደህና ነው። የሚጽፉልኝ አባ ዘሚካኤል ናቸው። ገና ብራናውን ሲዘረጉ፦

"በግዕዝ ነው የምጽፈው፤ በአማርኛ ደብዳቤ ወግ የለውም" አሉኝ።

"አባ፣ በግዕዝ ከደረሰው ልጁ አያቴ ሞታ መልአክ ነው የላከችብኝ ይላል። እንደተናገርኩት ይጻፉልኝ።"

"ቃል በቃል?"

"ሳሌን ይዝለሉት፤ ሌላውን ሁሉ ይጻፉ።"

አሁን አንገታቸውን ደፍተው እየጫሩ ነው። ፊታቸው ልክ ገብስ አስጥቶ ዝናብ እንደመጣበት ሰው ነው። ይኸንንም ጽፈውታል፣ ብዕሩ ሲሄድ አየሁ።

ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገርህ። በጰራቅሊጦስ ሰሞን አባ ጽጌ የሚባሉ መነኩሴ ከሠራዊቱ መጡ። ታቦቱን ተከትለው ቆላ የወረዱ ናቸው፤ የመጡት ለሠራዊቱ ቤተ ክርስቲያን ዕጣንና ጧፍ ሊለምኑ ነው። ቅዳሴ ሲያልቅ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሙና፦ "ከዚህ አገር የዘመተ ኪዳነ ማርያም የሚባል ልጅ አርፏል። በንዳድ ነው። ንስሐውን የተቀበልኩት እኔ ነኝ፣ የፈታሁትም እኔው ነኝ። ነፍስ ይማር" አሉ።

ሰዉ ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። የክርስትና ስም ማን ያውቃል? ለጎረቤቱ ሁሉ አንተ ምትኩ ነህ፣ የጎረቤታችን የወለላ ልጅም ስሙ ቢያድግልኝ ነው። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ቀና ያልነው ሁለት ሴቶች ብቻ ነን፤ እኔና ወለላ። ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን፣ ከዚያ ሁለታችንም መሬት መሬት አየን።

አንድ ቀን ተወልዳችሁ የለ? እሱ ጠዋት፣ አንተ ማታ። ወለላ ከእሱ በፊት የወለደቻቸው አልበረከቱላትምና ቢያድግልኝ አለችው። ያንተ እናት፣ የኔ ልጅ፣ አንተን ሰጥታኝ እጄ ላይ አለፈች፤ ምትኩ አልኩህ። ወለላ ገና ከአራስ መደቧ ሳትነሣ "ያንን ልጅ አምጡልኝ፣ የሚያለቅሰውን" ብላ አስወሰደችህ። በአንዱ ጡት እሱን፣ በአንዱ አንተን። አርባ ቀናችሁ ሲሞላ አንድ ላይ ተጠመቃችሁ። ዕለቱ የኪዳነ ምሕረት ነበረ፤ አባ ዘሚካኤልም አንተን ኪዳነ ማርያም፣ እሱንም ኪዳነ ማርያም አሏችሁ። ያን ዕለት ሁላችን ደስ ብሎን ነበር። መንታ ሆኑ ብለን ስቀናል።

ቅድም ጠየቅኳቸው። "አባ፣ ምናለ አንዱን እንኳ ገብረ ማርያም ቢሉት ኖሮ?"

"የዕለቱ ስም ነው የሰጠኋቸው።"

"የማርያም ስም አንድ ብቻ ነበር እንዴ?"

"ጠጅቱ፣ የትኛው እንደሆነ እግዚአብሔር ያውቃል።"

"እሱማ ያውቃል። የማላውቀው እኔ ነኝ።"

ብዕራቸውን ቀለሙ ውስጥ ነክረው ሳያወጡት ቆዩ። ሌላ አልጨመርኩባቸውም። እሳቸውም እንቅልፍ እንደሌላቸው ሚስታቸው ነግራኛለች።

ወደ መነኩሴው ልመለስ። እኔና ወለላ በግራና በቀኝ ይዘን መፈናፈኛ አሳጣናቸው።

"ረጅም ነው አጭር?" አልኩ።

"ተኝቶ ነበርኮ፣ እናቴ።"

"ረጅም ሰው ሲተኛም ረጅም ነው።"

"ንዳድ የያዘው ሁሉ ተጨማዶ ተጨማዶ አንድ መልክ ሆኗል። ምን ብዬ ልለየው?"

"ውስጥ እግሩ ላይ የእሳት ጠባሳ አለው? ልጅ ሳለ ፍም የረገጠው?"

"እግሩን በሸማ ጠቅልለው ነው ያመጡልኝ።"

"ፊት ጥርሱስ? ፍንጭት ነው?" አለች ወለላ።

"ጥርሱን አላሳየኝም፣ እህቴ። ልጁ ሊሞት ነው።"

"ጓደኛ አብሮት አልነበረም? ሁለት ናቸው እኮ፣ ተለያይተው አያውቁም።"

"ንጉሡ ሠራዊቱን ከፍለውታል። ጤነኛው ወደፊት ሄደ፤ በሽተኛው ኋላ ቀረ። አጠገቡ የነበሩት የሌላ አገር ሰዎች ናቸው። ስምህ ማነው ስለው ኪዳነ ማርያም አለኝ፣ አገሬ ዶቅማ በር ነው አለኝ። የቤት ስሙን ምን ያደርግልኛል? ነፍስ የምትጠራው በዚያኛው ነው።"

"ሌላ ምን አለ?" አለች ወለላ።

መነኩሴው ትንሽ አሰቡ። "ውሃ አለ። ከዚያ እሜ አለ።"

ወለላ እዚያው ቁጭ አለች። እኔን መጀመሪያ የያዘኝ ደስታ ነበር፣ አልዋሽህም። እሜ ብሎ እናቱን የጠራ ቢያድግልኝ ነው፣ አንተ እኔን እናና ነው የምትለኝ ብዬ። ወዲያው ደግሞ ትዝ አለኝ። ወለላን እሜ የምትላት አንተም ነህ። አፍህን በእሷ ጡት ነው የፈታኸው። ተደባድባችሁ ስትመጡ፣ ወድቃችሁ ስትመጡ፣ ሁለታችሁም እሜ እያላችሁ ወደ እሷ ነበር የምትሮጡት፤ እኔ ጋ የምትመጡት ልትበሉ ነው። እንግዲህ ከዚህ ቃል ምን ላውጣ?

አገሩ ለለቅሶ ተነሥቶ መጣ፤ መጥቶም መንገድ ላይ ቀረ። የማን ቤት ይግባ? በእኔና በወለላ ቤት መካከል ካለችው ወይራ ሥር ተኮልኩሎ ቆመ። አልቃሿ ከላይኛው አገር ድረስ ተጠርታ ነበር። አፏን ልትከፍት ስትል ዞር ብላ "የማን ልጅ ልበል? ምን ብዬ ላሞግሰው?" ብላ ጠየቀች። ሸማዋን ተከናንባ ተቀመጠች። ትንሽ ቆይተው ወንዶቹ አንድ ባንድ፣ ከዚያም ሴቶቹ፣ ሰው እንዳያያቸው ይመስል በጓሮ በጓሮ ወደየቤታቸው ሄዱ። ያልተለቀሰበት ሞት አይቼ አላውቅም ነበር።

ከዚያን ቀን ወዲህ ከወለላ ጋር አፍ ለአፍ አንነጋገርም። አልተጣላንም። ምን ብለን እናውራ? ጠዋት ጠዋት ከበሬ ስወጣ እሷም ከበሯ ትወጣለች። ምን ብላ እንደምትጸልይ አውቃለሁ። እሷም የእኔን ታውቃለች። አንዲት ቤተ ክርስቲያን ገብተን፣ አንድ ዓምድ ተደግፈን፣ ሟቹ የሌላዋ ልጅ ይሁን ብለን እየለመንን ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ማን ይነግርሃል? ባለፈው እሳቴ ጠፍቶብኝ አደረ። ፍም የምጭረው ሁልጊዜ ከእሷ ነበር። በሯን አልፌ እስከ ገደሉ አፋፍ ሄጄ ከሰው ቤት ለምኜ መጣሁ። ስመለስ ደጃፏ ላይ ቆማ ፍም የያዝኩበትን ገል በእጄ አየችው። የዚያን ቀን ምሳ የሠራሁበትን እሳት ራሱ ጠላሁት።

ባሏ ግን የእኔን መሬት አረሰልኝ። እግሩ ሰባራ ባይሆን ኖሮ ዘማቹ እሱ ነበር፤ ይኸው በዚያ እግሩ ከራሱ ማሳ በፊት የእኔን ጨርሶ ገባ። "የራስህስ?" ብለው፣ "እሱም ይደርሳል" ብሎ በሬውን ነድቶ ሄደ። ጠላ ላጠጣው ስል አልተቀመጠም።

አባ ጽጌ ስለ ዘመቻውም ብዙ አወሩን። ነጋሪቱ ሲጎሰም እኮ እዚህ ሁሉ ነገር ሠርግ ይመስል ነበር። የአያትህን ጦር ይዘህ ስትፎክር ትዝ ይልሃል? ያ ጦር ከአንዲት ጅብ በቀር የወጋው የለም፤ አንተ ግን አንበሳ ገዳይ አደረግኸው። ጋሻው ተለቅ ብሎብህ ከጉልበትህ ጋር ሲጋጭ ቢያድግልኝ "ኧረ ጋሻው ነው ይዞት የሚሄደው" ብሎ አገሩን አሳቀብህ። እኔም ሳቅሁ። በሶህን በማር ለውሼ ቋጥሬልህ ነበር፤ መንገድ ሳትጋመሱ ጨርሳችሁታል አይደል? አውቃችኋለሁ።

ቆላው ግን ሌላ ነው አሉ። ውሃው ትኩስ፣ ነፋሱ ትኩስ፣ በቅሎው በቁሙ ይወድቃል። ጠላት ከገደለው ንዳድ የጣለው ይበልጣል። ንጉሡም ራሳቸው ታመው ነበር። ሠራዊቱ አለቆቹን ልኮ "ክረምት ደረሰ፣ እርሻችን ጦም ሊያድር ነው፣ እንመለስ" ቢላቸው፣ ከተኙበት ቀና ብለው "እኔን ለማን ትታችሁ?" አሉ። ይኸኔ ሁሉም አፈረና ወደፊት ሄደ፤ አባ ጽጌ ይኸን ሲነግሩን እንባ በዓይናቸው ሞላ። እኔ ብሆን አላፍርም ነበር። ንጉሡኮ ሲታመሙ ጥላ የሚይዝላቸው አለ፣ መድኃኒት የሚበጠብጥላቸው አለ። ያ እሜ ያለው ልጅ ውሃ ሲል ማን አጠጣው?

አባ ዘሚካኤል "ይኸስ አይጻፍም" እያሉኝ ነው። ይጻፍ። ንጉሡ የእኔን ደብዳቤ የሚያነቡበት ጊዜ የላቸውም።

ከማን ጋር እንደተዋጋችሁም ጠየቅሁ። "ከቆላ እስላሞች ጋር" አሉኝ። ጨው ነጋዴው አደም በየዓመቱ ከዚያ አልነበር የሚመጣው? ለሁለታችሁ ተምር እየጣለላችሁ "መንቶቹ እንዴት ናቸው?" ይለኝ አልነበር? የእናንተ እኩያ ልጆች እንዳሉት አጫውቶኛል። አይተውት ያውቃሉ ወይ ብላቸው አባ ጽጌ ሳቁብኝ፤ "እናቴ፣ ጦር ሜዳ ገበያ መሰለሽ?" እኔስ ገበያ አልመሰለኝም። ግን በዚያም ወገን እናቱን የሚጠራ ይኖራል ብዬ ነው።

አሁን ወደ ትናንቱ ነገር ልምጣ፤ ደብዳቤ ያስጻፈኝ እሱ ነው። አርባው እሑድ ይሞላል። ተዝካር ያለ ጠላ አይሆንም፤ ግን ማን ይጥመቅ? እኔ ብጠምቅ ሞትህን ተቀበልኩ ማለት ነው። እሷም እንደዚያው። ሁለታችንም ጋኖቻችንን ደፍተን ተቀመጥን። ትናንት በደጇ ሳልፍ የብቅል ሽታ ሸተተኝ። እግሬ ራሱ አስገባኝ። ወለላ ጎንበስ ብላ ጋን ታጥባለች።

"ለማን ነው?" አልኳት፤ ያ ሁሉ ቀን ዝም ብለን ከርመን የመጀመሪያዋ ቃሌ ይቺ ናት።

"ለተዝካሩ።"

"የማን ተዝካር?"

"የኪዳነ ማርያም ነዋ፣ እትዬ።"

"የትኛው ኪዳነ ማርያም?"

እጇን በቀሚሷ ጠረገች። "እትዬ፣ እርስዎ አንዱ ልጅዎ ከዳነ ይበቃዎታል። እኔኮ ማናቸውም ቢሆኑ ያጠባሁት ነው። የትኛው እንደሆነ እስኪነግሩኝ ቁጭ ብዬ ነፍሱን በረሃብ ላሳድራት?"

ምትኩዬ፣ ምላሴን ታውቀዋለህ፣ ማንም አይመልሰኝም። ያን ጊዜ ግን ጋኑን በአንድ በኩል ይዤላት እጣቢውን አብረን ደፋነው። ከዚያ ቤቴ ገብቼ በሬን ዘጋሁ። ዛሬ ሳይረፍድ አባ ዘሚካኤልን አስጠራሁ።

ለዚህ ነው ከላይ የቤት ስምህን ሳይሆን ኪዳነ ማርያም ብለው እንዲጽፉ ያደረግሁት። መነኩሴው ነገ ይመለሳሉ። ሰፈር ደርሰው የዶቅማ በሩ ኪዳነ ማርያም ብለው ሲጣሩ አቤት የሚለው በሕይወት ያለው ነው። ደብዳቤዬ የሚደርሰው ለእሱ ነው።

አንተ ከሆንክ፣ ምትኩዬ፣ ለአባ ጽጌ በአፍህ አንዲት ነገር ንገራቸው፣ እኔና አንተ ብቻ የምናውቃትን፤ ድመቷን ምን ውስጥ እንደደበቅሃት ንገራቸው። እሱ ይበቃኛል። ከዚያ ወለላን ይዤ አለቅሳለሁ፣ እሷ እስክትተወኝ አልተዋትም።

አንተ ከሆንክ ደግሞ፣ ቢያድግልኝ፣ እስከዚህ ድረስ አያትየው ስለ ራሷ ልጅ ብቻ ስታወራ ሰምተሃል። አትቀየመኝ። መትረፍህን እንደ ጥፋት እንዳትቆጥረው። እሱን ትተህ ወደፊት የሄድከው ወደህ አይደለም፣ ንጉሥ ሠራዊቱን ከፍሎ ነው የላከህ። እኔ በጸሎቴ ምን እለምን እንደነበረ አትጠይቀኝ፤ አያት ናት ብለህ እለፈው። እኔም ቤት እኮ ነው ያደግኸው። የሰበርከውን እንስራ እስካሁን አልተካሁትም።

በሽተኞቹን ንጉሡ ወደየአገራቸው እያሰናበቷቸው ነው ይባላል፤ በታችኛው መንገድ ያለፉም አሉ። ከእነሱ አንዱ ያውቃችሁ ይሆናል ብዬ መንገድ መንገድ ሳይ ዓይኔ ደከመ።

ማናችሁም ብትሆኑ፣ እንግዲህ ልመርቅ፦ ውሃ በጠማህ ጊዜ ውሃ የያዘ ሰው አጠገብህ ያቁምልህ። የተኛህበት መሬት ይቀዝቅዝልህ። ስምህን የሚጠራ ሰው በሁለቱም ስምህ ይጥራህ። እናቱን ያጣው በእኔ፣ አያቱን ያጣው በወለላ ይካስ። እኔ ጠጅቱ ነኝ፣ መጻፍ የማልችል፣ ጣቴን ቀለም ነክሬ እዚህ ታች አሳርፋለሁ፣ አባ ቦታ ይተ

ውሻው ጮኸ። አባ ይቀመጡ፣ አይነሡ። ሰው ነው። ብዙ ሰው ነው፣ ግን አያወራም። በዚህ ጠዋት ይኼ ሁሉ ሰው ከታች ምን ሊያደርግ ይመጣል? ከታች ለሚመጣ ሰው የወለላ በር ነው የሚቀድመው። አልፈውት መጡ።

"እትዬ ጠጅቱ።" ወለላ ናት። "እትዬ፣ እኔ ነኝ። ይክፈቱልኝ።"

ሕፃን ሊያስተኙ ሲሉ በሚናገሩበት ድምፅ ነው የምትጠራኝ።

አባ ብዕሩን ሊያስቀምጡ ነው። አያስቀምጡ፣ ይቺን ብቻ ይጻፉልኝ። ቢያድግልኝ፣ ልጄ፣ ክረምት ነው፣ ወንዝ ሞልቶ ካገኘኸው አትግባበት፤ እስኪጎድል ተቀምጠህ ጠብቅ። የሚያቻኩልህ የለም። ቀስ ብለህ ና።

መጣሁ በሏት።